የጉዞ መድኃኒት ቦርሳ፦ ከፋሻው በፊት ሰዎቹ ይቅደሙ

ጥያቄ፦ «ለሦስት ሳምንት ከቤተሰብ ጋር ልንጓዝ ነው። እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ልጆቼ 7 እና 2 ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ረጅም መንገድ በመኪና እንሄዳለን። የምንሄድበት አገር ሞቃት ነው፤ ወባም አለበት ተብለናል። የተዘጋጀ ቀይ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ገዝቻለሁ። ስከፍተው ግን ፋሻ በፋሻ ነው። ምን ልጨምርበት? ለማንኛውም ብዬ አንቲባዮቲክስ ብይዝስ?»

ምላሽ፦

የገዙት ቦርሳ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ለማንም ሰው ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። እናትዎን አያውቅም፤ ልጆችዎንም አያውቅም። ስለዚህ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና የሚጓዙትን ሰዎች ስም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ዕድሜ፣ ክብደት፣ ያለበት ሕመም፣ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይስማማው ነገር ይግባ። የልጆቹን ክብደት በግምት እንዳይጽፉ፤ ሚዛን ላይ ያውጧቸው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ አሳይዎታለሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። ጉዞ ያሰበ ሰው መጥቶ ሲያማክረኝ ብዙውን ጊዜ የሚያስጨንቀው ድንገተኛው ነገር ነው፤ እባብ፣ ስብራት፣ ስሙ የማይታወቅ በሽታ። ቤተሰብን መንገድ ላይ የሚያስቸግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነገር ነው። የተረሳ የግፊት ክኒን፣ ሙቀት ያበላሸው ኢንሱሊን፣ የልጅ ተቅማጥ፣ ሌሊት የመጣ ትኩሳት። ቦርሳው በዚህ ቅደም ተከተል ይሞላ።

ከእናትዎ እንጀምር። ጉዞው ሦስት ሳምንት ከሆነ የአራት ሳምንት መድኃኒት ይያዙ። በረራ ይሰረዛል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ክኒን ይፈሳል። መርፌው፣ የስኳር መለኪያው፣ ስትሪፑና መለዋወጫ ባትሪውም በዚሁ ሒሳብ ይቆጠሩ። እነዚህ ሁሉ የሚገቡት በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ነው። የሚጫን ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል፤ የተጫነበት ቦታም ኢንሱሊንን በረዶ ሊያደርገው ይችላል።

ኢንሱሊንን ሙቀትም ቅዝቃዜም ያበላሸዋል። ሰው ሙቀቱን ይፈራል፣ ቅዝቃዜውን ግን ይረሳል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፍሪጅ ይቀመጣል። ተከፍቶ በጥቅም ላይ ያለው ግን አብዛኛው ዓይነት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ያለ ፍሪጅ 28 ቀን ያህል ይቆያል። እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ ትክክለኛውን ቁጥር ከካርቶኑ ውስጥ ካለው መግለጫ ወረቀት ያንብቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ማቀዝቀዣ ከረጢት ይገዛል፣ ከበረዶ ቤት የወጣ የበረዶ ጥቅል ይከትበታል፣ ኢንሱሊኑን እላዩ ላይ ያስተኛዋል። ደርሶ ሲከፍት መድኃኒቱ በረዶ ሆኗል። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። መልኩ ምንም ያልተለወጠ ሊመስል ስለሚችል በዓይን አይተው አይመኑት፤ ይጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። በረዶውን በፎጣ ይጠቅልሉ፤ በእሱና በኢንሱሊኑ መካከል ወፍራም ጨርቅ ይኑር። በውሃ ተነክሮ በትነት የሚያቀዘቅዝ የኢንሱሊን ከረጢት ካገኙ ደግሞ ለሞቃት አገር ይመቻል፤ በረዶ አያስፈልገውም።

እንደ ውሃ ጥርት ያለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ አይወጋም። በተፈጥሮው ወተት የሚመስለው ዓይነት ደግሞ በቀስታ ተንከባሎ ከተቀላቀለ በኋላ ጉብ ጉብ ያለ ነገር ወይም ብልቃጡ ላይ የተጣበቀ ነጭ ነገር ከታየበት ይጣላል። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ክዳን ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስም አይርሱ። የሆቴል ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የተጣለ መርፌ የሚወጋው ክፍሉን የሚያጸዳውን ሰው ነው።

መንገድ ላይ ምግብ ሲዘገይ ስኳር ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ ያለወትሮ መነጫነጭ ካዩ ወዲያው ይለኩ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ስኳር ይስጡ፤ በውሃ የተበጠበጠ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ አሁንም ዝቅ ያለ ከሆነ ይድገሙት። መለኪያው እጅዎ ላይ ከሌለ ልኬት አይጠብቁ፤ ስኳሩን ይስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ጎን አስተኝተው እርዳታ ይጥሩ። ስለዚህ ትንሽ ስኳር የሚቀመጠው መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እናትዎ ኪስ ውስጥም ይሁን።

ከጉዞው በፊት ለሐኪማቸው ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ። አንደኛ፣ የሰዓት ልዩነት ሲኖር ኢንሱሊኑ እንዴት ይስተካከል? ወደ ምሥራቅ ሲበር ቀኑ ያጥራል፣ ወደ ምዕራብ ሲበር ይረዝማል፤ መጠኑም ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ቢይዛቸው የትኛው መድኃኒት ለጊዜው ይቁም? አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሰውነት ፈሳሽ ባነሰው ጊዜ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር ክኒን ሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ ሊጎዳ ይችላል። ኢንሱሊን ግን ስላልበሉ ብቻ በራስ ውሳኔ አይቆምም። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሌሊት በሰው አገር ሆነው «ዶክተሩ ምን ነበር ያለው?» ብሎ መጨቃጨቅ አይጠቅምም።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፦ መድኃኒት ከነካርቶኑ፣ ስማቸውና የመድኃኒቱ ስም ከተጻፈበት ማዘዣ ጋር ይጓዛል። ማዘዣው ላይ የፋብሪካው ስም ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ መጠሪያ ስም ይጻፍ። አንድ ፋብሪካ የሚሸጥበት ስም በሌላ አገር ላይታወቅ ይችላል። መጠሪያ ስምም ቢሆን አንዳንዴ ይለያያል። ፓራሲታሞል አሜሪካ ውስጥ አሲታሚኖፌን ነው፤ ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል ደግሞ እዚያ አልቡቴሮል ይባላል። ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ አንድ የወረቀት ኮፒ ግን ይኑር፣ ስልክ ይዘጋል።

ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ዲያዜፓም ወይም ለትኩረት ችግር የሚሰጡ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው አብሯችሁ ካለ የምትሄዱበትንም የምታልፉበትንም አገር ኤምባሲ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአንዳንድ አገር ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል። ተራ የጉንፋን መድኃኒትም ሊከለከል ይችላል። ጃፓን ለምሳሌ ሱዶኤፌድሪን የተባለው የታፈነ አፍንጫ የሚከፍት ንጥረ ነገር ከ10 በመቶ በላይ ያለበትን መድኃኒት አታስገባም። ይኸው ሱዶኤፌድሪን የደም ግፊት ከፍ ስለሚያደርግ እናትዎ ባይወስዱት ይሻላል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ለትኩሳትና ለሕመም አንድ መድኃኒት ብቻ ምረጥ ብባል ፓራሲታሞልን እመርጣለሁ። ለልጅ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ሊደገም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ሚዛን ላይ ያውጧቸው ያልኩት ለዚህ ነው።

ጠርሙሱን አንስተው ጠጋ ብለው ያንብቡት። አንዱ ሽሮፕ «120 ሚ.ግ. በ5 ሚ.ሊ.» ይላል። ሌላው «250 ሚ.ግ. በ5 ሚ.ሊ.» ይላል። በጠብታ የሚሰጠው ደግሞ «100 ሚ.ግ. በ1 ሚ.ሊ.» ሊሆን ይችላል። የ2 ዓመቱ ልጅዎ 12 ኪሎ ነው እንበል። የሚያስፈልገው ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። ከመጀመሪያው ሽሮፕ 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ከሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር ከሰጡት 250 ሚሊግራም ወሰደ፤ አልፏል። ከጠብታው ያንኑ 5 ሚሊ ሊትር ቢሰጡት 500 ሚሊግራም ይሆናል። ይህ በአንድ ጊዜ ሊወስድ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፤ ሌሊት፣ እንቅልፍ በተጫጫነው ዓይን ደግሞ አይለዩም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሽሮፕ ብቻ ይያዙ። የእያንዳንዱን ልጅ መጠን በሚሊ ሊትር አስልተው፣ ፋርማሲስት አይቶት፣ ጠርሙሱ ላይ በደማቅ እስክሪብቶ ይጻፉት። በወጥ ቤት ማንኪያ አይለኩ። መርፌ የሌለው የአፍ መስጫ ሲሪንጅ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ሁለት ይያዙ።

አይቡፕሮፌን የተባለውን ሌላ የትኩሳትና የሕመም ማስታገሻ በተመለከተ ጠንቀቅ ይበሉ። የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱት ለእናትዎ ኩላሊት አይመከርም፤ ግፊቱንም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ፈሳሽ ላነሰው ልጅም አይሰጥም። ትንኝ በሚበዛበት ሞቃት አገር ደግሞ ትኩሳቱ ዴንጊ የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በዴንጊ ጊዜ አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም የመድማት አደጋን ይጨምራሉ። አስፕሪን ለትኩሳት ብሎ ለልጅ መስጠት ጭራሽ አይሆንም። እናትዎ ሐኪም ያዘዘላቸው አነስተኛ መጠን ያለው የልብ አስፕሪን ካለ ግን ይህን አንብበው በራሳቸው እንዳያቆሙት። ለአዋቂም ፓራሲታሞል ይበቃል፦ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም፣ በቀን ቢበዛ 4 ግራም። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን ደርቦ የሚወስድ ሰው ሳያውቅ ጉበቱን ይጎዳል።

ስለ ተቅማጥ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥማችሁ እሱ ነውና። እዚህ ላይ ሕይወት የሚያድነው ውድ ክኒን አይደለም፤ ኦአርኤስ ነው፤ በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት። በዚህ ቤተሰብ ልክ አሥር ከረጢት ቢይዙ አይበዛም፤ ክብደቱም ምንም አይደል። ከረጢቱ ላይ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ያንብቡ፦ አንዱ ለ1 ሊትር ነው፣ አንዱ ለግማሽ ሊትር፣ ሌላው ለ200 ሚሊ ሊትር። የ1 ሊትሩን በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መስጠት አደገኛ ነው፤ ጨዉ በዝቶ ልጁን የባሰ ይጎዳዋል። «እንዲጠነክርለት ብዬ» የሚሉ እናቶች አጋጥመውኛል። መጠንከር የለበትም። ልኩ ልክ ነው። ውሃው ታሽጎ የተሸጠ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።

ከ2 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ፈሳሽ ሰገራ በወጣው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣ፤ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ የዚያ ግማሽ። ካስመለሰው አይደንግጡ። አሥር ደቂቃ ይጠብቁና በየሁለት ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ ይስጡት። እጅ ያደክማል፣ ትዕግሥት ይጨርሳል፤ ግን ይሠራል። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጭማቂ ስኳራቸው ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሱታል። እናትዎም ተቅማጥ ከያዛቸው «ስኳር አለበት» ብለው ኦአርኤስ እንዳይተዉ፤ ይጠጡ፣ ስኳራቸውን ግን ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ኦአርኤስ ካለቀና ሌላ ካልተገኘ 1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። 5 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ ማንኪያ ቦርሳው ውስጥ ይኑር፤ የሻይ ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም።

ለትንሹ ልጅ ዚንክም ይጨምሩ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን ይጨርስ። ተቅማጥ የሚያቆመው ሎፔራማይድ ደግሞ ለአዋቂ ብቻ ነው፤ እሱም ረጅም መንገድ ሲኖር ለጊዜው። ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ አይወሰድም። ለሁለቱ ልጆችዎ አይስጡ።

ቤት ውስጥ ወይም ሆቴል ተቀምጦ መጠበቅ የማያዋጣበት ጊዜ አለ። ሰገራው ደም ከቀላቀለ፣ ልጁ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካልሸና፣ ወይም ፈዝዞ ለመንቃት ካስቸገረ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ኦአርኤሱን መንገድ ላይም እየሰጡ።

አንቲባዮቲክስ ብይዝስ ብለዋል። ሐኪም ለእርስዎ ጉዞ ብሎ ካላዘዘልዎ አይያዙ። ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። የመንገደኛ ተቅማጥ አብዛኛው በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል። ባልተመረመረ ሕመም ላይ የተጀመረ አንቲባዮቲክስ የበሽታውን ምልክት ይደብቃል፤ ራሱም ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱን የሚላመድ ተህዋስ ያፈራል። ባለፈው ከታዘዘ የተረፈ ግማሽ እሽግ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ለሌላ ሰው፣ ለሌላ በሽታ የታዘዘ፣ ሙሉ ቀኑን እንኳ የማያደርስ። ርቃችሁ ሐኪም በሌለበት የምትቆዩ ከሆነ ሐኪሙ ለከባድ ተቅማጥ ብሎ ለምሳሌ አዚትሮማይሲን ሊያዝ ይችላል። ያኔ ለማን፣ ምን ምልክት ሲታይ፣ ለስንት ቀን የሚለው ተጽፎ ይሰጥዎ። እዚያው አገር መድኃኒት መግዛት ካስፈለገ ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ብቻ ይግዙ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከሚሸጡ የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። የእናትዎን መድኃኒት ከቤት አሟልተው ይያዙ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ቀዩን ቦርሳ እንክፈተው። የሚጠቅመው ይቀራል፦ በየመጠኑ ፕላስተር፣ ንጹህ ታሽጎ የመጣ ጎዝ፣ ጥቅል ፋሻ፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስ፣ ወረንጦ። መቀሱ ግን በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ፤ ፍተሻ ላይ ሊወሰድብዎ ይችላል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ከሌለው ይጨምሩ። የእባብ መርዝ መምጠጫ የሚባል ነገር ካለበት አውጥተው ይጣሉት። በእባብ የተነደፈ ሰው ቁስሉ አይቆረጥም፣ አይመጠጥም፣ በገመድም አይታሰርም። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል፣ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

ለተራ ቁስል ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። ልጅ ወድቆ ጉልበቱን ሲላጥ ሰው መጀመሪያ አልኮል ፍለጋ ይሮጣል። አልኮልም ሃይድሮጂን ፔሮክሳይድም ያቃጥላሉ፤ ጤነኛውን ሥጋም ይጎዳሉ። በሚወርድ ንጹህ ውሃ ደህና አድርገው ይጠቡት፣ አሸዋ ከቀረ በወረንጦ ያውጡ፣ ዙሪያውን በአዮዲን ያጽዱ፣ በጎዝ ይሸፍኑ። የሚደማ ከሆነ በጎዝ ላይ አሥር ደቂቃ ሙሉ ይጫኑ። በየደቂቃው ገልጦ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ያስለቅቀዋል። ጎዙ ከራሰ አይነሳም፤ ሌላ ከላይ ይደረብበታል። ቃጠሎ ደግሞ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዛል። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አይነካውም።

ውሻ፣ ዝንጀሮ ወይም የሌሊት ወፍ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ አዮዲን ይደረግበት፣ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ ይሂዱ። «ትንሽ ጭረት ናት» አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተሰጠ ግን ያድናል። ስለዚህ ሳሙና የቦርሳው አካል ነው።

ጥቂት ነገሮችን ቶሎ ልበል። ለአለርጂና ለማሳከክ ሴትሪዚን፤ ለነፍሳት ንክሻ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት። መኪና የሚያዞረው ሰው ካለ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመነሳት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ነው፤ ከጀመረው በኋላ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ሹፌሩ አይወስደውም፤ ለ2 ዓመቱ ልጅም ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይያዙ።

ቦርሳው የት ይቀመጥ? መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአጭር ጊዜ መድኃኒት ከሚችለው በላይ ይግላል። ለአስም የሚነፋው ፓፍ ሊፈነዳ ይችላል። ክኒኖችን ከታሸጉበት ፎይል አውጥተው በአንድ ብልቃጥ አይደባልቁ፤ እርጥበት ያበላሻቸዋል፣ የትኛው የማን እንደሆነም አይለይም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን በጣም የሚያሰጋኝ የአያት የእጅ ቦርሳ ነው። ቤት ውስጥ መድኃኒቱ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ጉዞ ላይ አልጋ ላይ፣ ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ ይሆናል። የ2 ዓመት ልጅ ዚፕ መክፈት ያውቃል፤ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል። አንዳንድ የስኳርና የግፊት ክኒኖች አንድ ፍሬ ብቻ ለትንሽ ልጅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለው የስኳር ክኒን ጉዳቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል «ደህና ነው፣ እየተጫወተ ነው» ተብሎ አይጠበቅም። ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ አያስመልሱት፤ እሽጉን ይዘው ወዲያው ሐኪም ቤት ይሂዱ። በየደረሱበት ክፍል መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ መፈለግ ይሁን፤ የእናትዎም ቦርሳ እዚያ ይቀመጥ።

ወባውን መጨረሻ ያመጣሁት ከቦርሳው በፊት የሚጀመር ሥራ ስለሆነ ነው። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪም ያማክሩ። የሚሄዱበት አገር የቢጫ ወባ (ከወባ የተለየ በሽታ ነው) ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ክትባቱ የመጀመሪያው ከሆነ ጉዳቱና ጥቅሙ በሐኪም ይመዘናል፤ እናትዎን በሚመለከት ይህን ለይተው ይጠይቁ። የወባ መከላከያ ክኒን እንደ አገሩና እንደ ሰውየው ይመረጣል። ዶክሲሳይክሊን ለምሳሌ ከ8 ዓመት በታች ላሉት ለልጆችዎ አይሆንም። የእሱ አወሳሰድ ከመግባት አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ይጀምራል፣ ከወጡ በኋላም አራት ሳምንት ይቀጥላል። አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር ያለው ደግሞ ከወጡ በኋላ ሰባት ቀን ብቻ ነው። ክኒን የሚወስዱም አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት አይተዉም። ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 30 በመቶ ያለበት ቅባት ጥሩ ነው። የፀሐይ መከላከያው ይቀድማል፣ ዲቱ ከላይ ይቀባል። የልጅ መዳፍ ላይ አይቀባም፤ ዓይኑንና አፉን ይነካበታል።

እዚያ እያላችሁም ሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርግ። ክኒኑን ሳያስተጓጉል ቢወስድም እንኳ። ይህ ከተመለሳችሁ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይሠራል። ሐኪሙ ላይጠይቅ ስለሚችል ወባ ያለበት አገር እንደነበራችሁ፣ የትና መቼ እንደነበራችሁ እርስዎ አስቀድመው ይንገሩት።